ሞልዱን ለቆዳው መምረጥ፦ የሲሊኮን ቆዳ ሥራና የቅርጽ ማውጫ ቁሶች ተስማሚነት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ በመጀመሪያ እይታ የወርክሾፕ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ከሲሊኮን ሰው ሠራሽ ቆዳ ለመሥራት ስንነሣ፣ ፈሳሹን የምናፈስበት ቅርጽ ማውጫ ከምን ቁስ ይሠራ? ይህን ቅርጽ ማውጫ በወርክሾፕ ቋንቋ «ሞልድ» እንለዋለን፤ በዚህ ንግግርም ቃሉን እንዲሁ እጠቀምበታለሁ።

የሲሊኮን ቆዳ ስል ሦስት ዓይነት ሥራዎችን በአንድነት ማለቴ ነው። የመጀመሪያው በቃጠሎ፣ በካንሰር ቀዶ ሕክምና ወይም በአደጋ ጆሮውን፣ አፍንጫውን ወይም ጣቱን ላጣ ሰው የሚሠራው ሰው ሠራሽ አካል ነው። ሁለተኛው የነርስና የሕክምና ተማሪዎች መርፌ መውጋትንና ቁስል መስፋትን የሚለማመዱበት የክንድ ወይም የሆድ ቆዳ ነው። ሦስተኛው የሮቦት እጅ የሚለብሰውና ዕቃ ሲይዝ እንዳያንሸራትተው የሚረዳው ሽፋን ነው። ሦስቱ በአገልግሎታቸው ቢለያዩም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ሁሉም ስስና ልስልስ ናቸው፤ የሁሉም ዋጋ ያለው በላይኛው ገጻቸው ላይ ነው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ቆዳው የሰው ገላ የሚነካ ከሆነ፣ ሞልዱን ለቆዳው እንምረጥ እንጂ ቆዳውን ለሞልዱ አንምረጥ። አባባሉ ለሁሉም ግልጽ ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። በእጃችን የሚገኘውን ሞልድ እንይዝና በዚያ ውስጥ ሳያስቸግር የሚረጋልንን ሲሊኮን እንፈልጋለን። ይህ መንገድ ለምን እንደሚጎዳን፣ ሌላውስ መንገድ ምን ያህል በአቅማችን ሥር እንደሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

፩. ወርቅ ሠሪውና ጭቃው

ቅርጽ ማፍሰስ በሀገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። በቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከወርቅ ሠሪው ሙያ ነው። ወርቅ ሠሪው የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ካስወጣ በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። ቅኔው ሰሙንና ወርቁን በስም ሲጠራ ጭቃውን ሳይጠራው ያልፋል። የእኔ የዛሬ ጉዳይ ይህ ሳይጠራ የቀረው ጭቃ ነው።

ለወርቅ ሠሪው የጭቃው ተስማሚነት በዋናነት የሙቀት ጉዳይ ነው። ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ጭቃው ይህን ሙቀት ሳይሰነጠቅ ከቻለ ሥራውን ፈጽሟል። የቀለጠው ወርቅ የሚጠነክረው ስለሚቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ለመጠንከር ከማንም ፈቃድ አይጠብቅም። ሲሊኮን ግን ከዚህ ይለያል። ወደ ሞልዱ የሚገባው በክፍል ሙቀት ነው፤ የሚረጋውም በመቀዝቀዝ ሳይሆን በኬሚካዊ አጸግብሮት ነው። ይህ አጸግብሮት የሚካሄደው በሞልዱ ውስጥ፣ ከሞልዱ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ነው። ስለዚህ ሞልዱ ዝም ያለ መያዣ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከገጹ የሚወጣ ነገር ካለ የአጸግብሮቱ ተካፋይ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም አጸግብሮቱን ፈጽሞ ያስቆመዋል።

፪. ሁለት ሲሊኮኖች፣ ሁለት ጠባዮች

ሲሊኮን የሲሊከንና የኦክሲጅን አቶሞች እየተፈራረቁ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፈሳሹ ወደ ጎማነት የሚለወጠው እነዚህ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ነው። በወርክሾፕ የምንጠቀምባቸው ባለሁለት ክፍል ሲሊኮኖች የሚተሳሰሩባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የቲን ውሕድ እንደ ካታሊስት፣ ማለትም እንደ አጸግብሮት አፋጣኝ፣ የሚያገለግልበት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ሰንሰለቶቹ በሚተሳሰሩበት ጊዜ ትርፍ አልኮል ይለቀቃል። አልኮሉ ተንኖ ሲወጣ ዕቃው ይኮማተራል፤ መኮማተሩም በአንድ ቀን የሚያበቃ ሳይሆን ለቀናት የሚቀጥል ነው። ይህ ዓይነት ሲሊኮን ለሞልዱ ቁስ ብዙም አይጨነቅም፤ ይቅር ባይ ነው ብንል እውነቱን ይገልጸዋል።

ሁለተኛው ፕላቲነም ካታሊስት የሚሆንበት መንገድ ነው። የአንዱ ሰንሰለት የቪኒል ጫፍ ከሌላው ሰንሰለት የሲሊከንና ሃይድሮጅን ትስስር ጋር ይደመራል፤ ከመደመሩም የሚተርፍ ነገር የለም። በዚህ ምክንያት መኮማተሩ እጅግ ጥቂት ነው፤ በክፍል ሙቀት ከረጋ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 በመቶ አይበልጥም። በዚህ ዘርፍ ሁለት ዓመታት ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 ጆን ስፓየርና ባልደረቦቹ የፕላቲነም ውሕድ ይህን መደመር እንደሚያካሂድ በስፋት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ብሩስ ካርስቴት በሲሊኮን ውስጥ በቀላሉ ለሚሟሟ የፕላቲነም ካታሊስት የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ዛሬ ለቆዳ ሥራ የምንገዛው የፕላቲነም ሲሊኮን በአብዛኛው የዚያ ካታሊስት ልጅ ነው።

የፕላቲነም ሲሊኮን ንጹሕ፣ የተረጋጋና ዕድሜው ረጅም ነው። ችግሩ ካታሊስቱ ጥቂትም፣ ተጠቂም መሆኑ ነው። ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ በቁጥር እንመልከት። በአንድ ሚሊዮን ክፍል ሲሊኮን ውስጥ 10 ክፍል ፕላቲነም አለ እንበል፤ ይህ ለዚህ ሥራ የተለመደ መጠን ነው። እንግዲህ በ1 ኪሎ ግራም ሲሊኮን ውስጥ ያለው ፕላቲነም 10 ሚሊግራም ብቻ ነው። የፕላቲነም አቶም ክብደት 195፣ የድኝ 32 መሆኑን አስታውሱ። አንድ የድኝ አቶም አንድ የፕላቲነም አቶምን ይይዛል ብለን ብናሰላ፣ የዚያን ኪሎ ካታሊስት ሁሉ ለማሰር 1.6 ሚሊግራም ድኝ ይበቃል። ይህም ድኙ በሲሊኮኑ ሁሉ ውስጥ እኩል ቢሠራጭ ነው። በእውነተኛው ሥራ ግን ድኙ የሚመጣው ከሞልዱ ገጽ ነው፤ ስለዚህ መላውን ኪሎ ማሰር አይጠበቅበትም። ገጹን የነካውን ስስ ንብርብር ብቻ ቢያስር ጉዳቱን ያደርሳል።

ይህ ጉዳት «የመርጋት እገዳ» ይባላል። ሲሊኮኑ በውስጡ በደንብ ረግቶ ሳለ ሞልዱን የነካው ገጽ ብቻ እንደ ማር ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። ለወፍራም ዕቃ ይህ መልክን የሚያበላሽ ጉድለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሰው ሠራሽ ጆሮ ወይም አፍንጫ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ አካል ዳር ከሰውየው ገላ ጋር ሳይታይ እንዲገናኝ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች እስኪሆን ይሳሳል። በዚያ ዳር ላይ ገጽና ውስጥ የሚባል ልዩነት የለም፤ ገጹ ከታገደ ዳሩ በሙሉ ታግዷል። የቆዳው ቀዳዳዎችና መስመሮች፣ ሐሰተኛውን ጆሮ እውነተኛ የሚያስመስሉት ነገሮች ሁሉ፣ የሚጠፉት እዚያው ነው።

፫. ፕላቲነምን የሚያስሩት እነማን ናቸው?

ፕላቲነምን የሚያስሩት ውሕዶች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ለፕላቲነም ሊሰጡት የሚችሉት ነጻ የኤሌክትሮን ጥንድ አላቸው። ይህን ጥንድ አቅርበው ፕላቲነሙን አጥብቀው ይይዙታል፤ ተይዞ የቆመ ካታሊስት ደግሞ ሥራ የለውም። ዋናዎቹ የድኝ ውሕዶች፣ አሚን የሚባሉት የናይትሮጅን ውሕዶችና አንዳንድ የፎስፈረስ ውሕዶች ናቸው። የቲን ውሕዶችም እገዳ ያመጣሉ፤ ይህ ጠባያቸው የሁለቱ ሲሊኮኖች ጉርብትና ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ያስረዳል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ብርቱ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ልመልሰው። ጀሶ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ በውስጡ ድኝ አለ። ታዲያ የድኝ ጠላት የሆነው የፕላቲነም ሲሊኮን በጀሶ ሞልድ ውስጥ እንዴት ይረጋል? መልሱ ያለው የድኙ አቶም ከማን ጋር እንደተሳሰረ በማየት ላይ ነው። በሰልፌት ውስጥ የድኙ አቶም በአራት የኦክሲጅን አቶሞች ተከቧል፤ ለፕላቲነም የሚያቀርበው ነጻ የኤሌክትሮን ጥንድ አልቀረለትም። በጎማ ውስጥ ያለው ድኝ ግን ሌላ ነው። ቻርልስ ጉድዪር እ.ኤ.አ. በ1844 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ የተፈጥሮ ጎማ የሚጠነክረው በድኝ ነው፤ ይህ ድኝና ከእርሱ ጋር የሚጨመሩት አፋጣኝ ውሕዶች ነጻ ጥንዳቸው አብሯቸው አለ። ስለዚህ አንድ ቁስ «ድኝ አለው ወይስ የለውም?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ድኙ በምን መልክ ነው ያለው?» ብለን መጠየቅ አለብን። የተስማሚነት ሰንጠረዥ የሚሸመድድ ሰውና ኬሚስትሪውን የሚረዳ ሰው የሚለያዩት በዚህ ጥያቄ ነው።

፬. ቁሶቹ አንድ በአንድ

በጀሶ ልጀምር፤ ለእኛ ቤተ ሙከራዎች የመጀመሪያው ምርጫ እርሱ መሆን አለበት ብዬ ስለማምን ነው። የጂፕሰም ድንጋይ በሀገራችን በዓባይ ሸለቆ ጭምር ይገኛል። የጥርስ ሕክምና ቤተ ሙከራዎችም ደቃቅና ጠንካራ የሆነውን የጀሶ ዓይነት በየዕለቱ ይሠሩበታል። ጀሶ የቆዳን ደቃቅ መስመር ይቀዳል፣ ሙቀት ይችላል፣ ፕላቲነምንም አያስርም። ጠላቱ አንድ ነው፤ እርሱም ውኃ ነው።

ውኃውን በስሌት እንመልከተው። 100 ግራም የጀሶ ዱቄት ለመርጋት በኬሚስትሪ የሚያስፈልገው ውኃ 18.6 ግራም ብቻ ነው። ተራ ጀሶ ግን በዚህ ውኃ ብቻ ሊበጠበጥ ስለማይችል 50 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንጨምርበታለን። ከ50ው 18.6ቱ ከጀሶው ጋር ተዋሕዶ ይቀራል፤ 31.4 ግራሙ ግን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ሞልዱ በእጅ ሲነካ ደረቅ መስሎ ሳለ ይህ ውኃ በውስጡ ሊኖር ይችላል። ፕላቲነም ባለበት፣ የሲሊኮኑ የሲሊከንና ሃይድሮጅን ትስስር ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቀቃል። ጋዙም በቆዳው ገጽ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ አረፋዎችን ይተዋል።

መድኃኒቱ ሚዛን ነው። በምሳሌአችን እርጥቡ ሞልድ 150 ግራም ይመዝናል፤ ፈጽሞ ሲደርቅ ወደ 119 ግራም ገደማ መውረድ አለበት። ስለዚህ የዱቄቱን ክብደት መጀመሪያ ጽፈን ከያዝን፣ ሞልዱ መድረስ ያለበትን ክብደት አስቀድመን እናውቃለን። ክብደቱ መቀነሱን እስካላቆመ ድረስ ሲሊኮን አይፈስበትም። ለማፍጠን ብለን ሙቀቱን ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ማድረግ ግን አይገባም። ከልክ ያለፈ ሙቀት ከጀሶው ጋር የተዋሐደውን ውኃ ማስወጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሞልዱ ገጽ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ከደረቀ በኋላ ቀዳዳዎቹ በስስ የአክሪሊክ ቫርኒሽ ወይም በጥርስ ሕክምና ቤተ ሙከራ በሚታወቀው የአልጂኔት መለያ ፈሳሽ ይደፈናሉ። ለግድግዳ ልስን የሚሸጠው ጀሶ መርጋቱን የሚያዘገዩ ቅመሞች ሊኖሩት ስለሚችል ሳይሞከር አይታመን።

ከጀሶ ቀጥሎ አሉሚኒየም አለ። አሉሚኒየም ሲሊኮኑን አያግድም፤ ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያስተላልፍም መርጋቱን ያፋጥናል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ በማሽን መቆረጥም አለበት። ለአንድ ሰው አንድ ጆሮ ለመሥራት አሉሚኒየም መቁረጥ አይመከርም። ለነርስ ተማሪዎች ደርዘን ደርዘን የልምምድ ቆዳ ለማውጣት ግን ወጪውን ይመልሳል። የሞልድ ምርጫ የኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የብዛትም ጥያቄ መሆኑን እዚህ ላይ እናያለን።

ፋይበርግላስ በመካከል ይቆማል። በፖሊስተር ሬንጅ የተሠራ ሞልድ ፈጽሞ ከጠነከረ ጥሩ ነው። በኢፖክሲ የተሠራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ብዙ ጊዜ አሚን ነው። የሁለቱ ክፍሎች መጠን በትክክል ካልተመዘነ ወይም ጊዜው ካልሞላ፣ ያልተዋሐደ አሚን በገጹ ላይ ይቀራል። ፖሊዩሬቴን ከአሚንና ከቲን ካታሊስቶች ጋር ስለሚሠራ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል።

አሁን ተማሪዎቻችን በጣም ወደሚወዱት ወደ ባለ ሦስት አውታር ኅትመት ልለፍ። የፕላስቲክ ክር አቅልጦ በሚያትመው ማሽን ከፒኤልኤ የተሠራ ሞልድ በአብዛኛው ሲሊኮኑን አያግድም፤ ድክመቱ የንብርብሮቹ መስመር በቆዳው ላይ መታተሙ ነው። በብርሃን በሚረጋ ሬንጅ የሚያትመው ማሽን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ገጹ እጅግ ለስላሳና ደቃቅ ይሆናል፤ በገጹ ላይ ግን ያልረጋ ሬንጅና የብርሃን ቀስቃሽ ቅሪት አለ፤ ከቀስቃሾቹም ብዙዎቹ ፎስፈረስ ያዘሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ሞልድ ከማሽኑ እንደወጣ ሲሊኮን ሊፈስበት አይገባም። በአይሶፕሮፓኖል በደንብ ይታጠባል፤ እንደገና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይጠነክራል፤ ሬንጁ በሚችለው መጠን ለሰዓታት ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይቀባል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ሳይሞከር አይታመንም። ቀላሉ ብልኀት ሌላ ነው። የሬንጁን ኅትመት ሞልድ ከማድረግ ይልቅ ኅትመቱን ዋናውን ቅርጽ አድርገን፣ ሞልዱን በእርሱ ላይ ከጀሶ እናውጣ። እንዲህ ስናደርግ የማሽኑን ድቃቄና የጀሶውን ገርነት በአንድነት እናገኛለን።

ሲሊኮንን በሲሊኮን ሞልድ ማፍሰስ ሌላ ጠባይ አለው። የፕላቲነም ሲሊኮን በፕላቲነም ሲሊኮን ላይ ሲፈስ ይረጋል፤ ነገር ግን ማላቀቂያ ካልተቀባ ሁለቱ አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። የፕላቲነም ሲሊኮን በቲን ሲሊኮን ሞልድ ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ይታገዳል። ብርጭቆም እንዲሁ ሳያስቡት የሚያስቸግር ቁስ ነው፤ እገዳ ባያመጣም ሲሊኮን በገጹ ላይ ሊጣበቅ ስለሚችል ማላቀቂያ ይፈልጋል።

ስለ ዋናው ቅርጽም አንድ ቃል ልበል። ሰም ፕላቲነምን አያስርም፤ የወርቅ ሠሪው ቁስ እዚህም ያገለግለናል። ለቅርጻ ቅርጽ የሚሸጠው ዘይታማ ጭቃ ግን በአንዳንዱ ዓይነት ውስጥ ነጻ ድኝ አለበት፤ ሲገዛ ድኝ አልባ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ጭቃው ራሱ ሞልድ ባይሆንም ቅሪቱ በጀሶው ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሞልዱን ቁስ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የሞልዱን ታሪክም ማወቅ ያስፈልጋል። ምን ነካው? በምን ጓንት ተያዘ? በምን ላስቲክ ታሰረ? የላቴክስ ጓንት የነካው ንጹሕ ሞልድ በጣት አሻራ ቅርጽ የሚጣበቅ ገጽ ሊያወጣ ይችላል። ለዚህ ሥራ የቪኒል ጓንት ይመረጣል።

፭. የ10 ግራም ሙከራ

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ቁሶች ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ይለያያሉ፤ ቀመራቸውም ሳይነገረን ይለወጣል። ፍርዱን የሚሰጠው ሙከራ ነው። ሙከራው ደግሞ 10 ግራም ሲሊኮን ብቻ ይፈልጋል።

ሁለቱን ክፍሎች በትክክል መዝናችሁ በንጹሕ የፕላስቲክ ኩባያ ቀላቅሉ። ግማሹን በዚያው ኩባያ ተዉት፤ ይህ ማነጻጸሪያችሁ ነው። ግማሹን በሞልዱ ገጽ ላይ፣ ቅርጹን በማይነካ ጥግ አፍስሱት፤ ሞልዱ ማሸጊያና ማላቀቂያ የሚቀባ ከሆነ ጥጉም እንደዚያው ይቀባ። ሁለቱን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሙቀት አስቀምጡ። አምራቹ የወሰነው ሰዓት ሲሞላ በሞልዱ ላይ ያለውን ልጣችሁ የታችኛውን ገጽ መርምሩ፤ የላይኛው ገጽ አየር እንጂ ሞልድ ስላልነካ ምስክር አይሆንም።

ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው። ሁለቱም ከረጉ ሞልዱ ተስማሚ ነው። ኩባያው ረግቶ የሞልዱ ገጽ ከተጣበቀ ጥፋቱ ያለው በሞልዱ ነው። ሁለቱም ካልረጉ ሞልዱን አትክሰሱ፤ ችግሩ በአመዛዘን፣ በአቀላቀል ወይም በሲሊኮኑ ዕድሜ ላይ ነው። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ እነዚህን ሦስቱን ሊለይ አይችልም፤ ከሳሽ ብቻ ቀርቦ ምስክር የሌለበት ችሎት ይሆናል።

ሙከራው ካልተሳካ ብዙዎች የሚሮጡት ወደ ቀለምና ወደ ቫርኒሽ ነው። ሽፋን አንዳንድ ጊዜ ይረዳል። ነገር ግን ስስ ሽፋን ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ድኝና አሚንም በጊዜ ብዛት ሊያልፉት ይችላሉ። ዛሬ የሠራ ሽፋን በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ፍሰት ላይ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ በሽፋን የዳነ ሞልድ ለአንድ ጊዜ ሥራ ይሁን፤ ለተደጋጋሚ ሥራ ግን ቁሱን መቀየር ይሻላል።

፮. የይቅር ባዩ ሲሊኮን ክርክር

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ደረስኩ። ብዙ አስተዋይ ሰዎች እንዲህ ይሉኛል፦ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የቲን ሲሊኮን ርካሽ ነው፤ በማናቸውም ሞልድ ውስጥ ይረጋል። ቁሱ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የተበላሸ ፍሰት ኪሳራ ነው። ይቅር ባዩን እንጠቀም።» ክርክሩ ክብደት አለው፤ በቀላል ቃል ልንሽረው አይገባም። ለትምህርት ማሳያ፣ ለሙዚየም ቅጂ፣ ጀሶና ሲሚንቶ ለሚፈስበት ሞልድ፣ የቲን ሲሊኮን ትክክለኛው ቁስ ነው፤ እኔም እመክረዋለሁ።

ሰው ቀኑን ሙሉ ፊቱ ላይ ለሚያደርገው ቆዳ ግን አልስማማም፤ ምክንያቶቼም ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ልኬት ነው። ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር የሆነ ጆሮ በ0.5 በመቶ ቢኮማተር 0.3 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል። ይህ በጆሮው ቁመት ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ከገላ ጋር በሚገናኘው ስስ ዳር ላይ ግን ክፍተት ይሆናል፤ ክፍተትም ጥላ ይጥላል፤ ዓይንም መጀመሪያ የሚያየው ያን ጥላ ነው። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። የቲን ካታሊስት ሥራውን ከፈጸመ በኋላም በጎማው ውስጥ ይቀራል፤ ከጊዜ ብዛትም ለጎማው መድከም አስተዋጽኦ ያደርጋል። ሦስተኛውና ዋናው ጤና ነው። በዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት የቲን ውሕዶች አንዱ የሆነው ዳይቡቲልቲን ዳይሎሬት በአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ምደባ የመራባት ጤናን ከሚጎዱ ነገሮች ጋር ተመድቧል። እንዲህ ያለውን ነገር ቆዳው ቀድሞ በቃጠሎ የተጎዳ ሰው ላይ ለሰዓታት ማሳረፍ፣ የሞልድ ችግርን ከወርክሾፑ አውጥቶ ወደ ታካሚው ገላ ማዛወር ነው።

ርካሽነቱንም እንመርምረው። ውድ የሆነው የፕላቲነም ሲሊኮን እንጂ ለእርሱ የሚስማማው ሞልድ አይደለም። ተስማሚው ሞልድ ጀሶ ነው፤ የሚጠይቀውም ሚዛን፣ ጥቂት ቀን ትዕግሥትና 10 ግራም የሙከራ ሲሊኮን ነው። በውድ ዋጋ የምናጣው ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ሞልዱ ሳይደርቅ ወይም ሳይሞከር ስለተቸኮለ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቆጣቢነቱ ሲሊኮኑን በማርከስ ሳይሆን ሞልዱን በማክበር ይገኛል።

ሁለቱንም ሲሊኮኖች የሚጠቀም ቤተ ሙከራ ካለ ደግሞ አንድ ደንብ ላክልበት። መቀላቀያው፣ ብሩሹ፣ ሚዛኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሳይቀር ለየብቻ ይሁን፤ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ቲን በነካው ብሩሽ የተቀባ የፕላቲነም ቆዳ የት እንደታመመ ለማወቅ ብዙ ቀን ይፈጃል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ ንግግር አንድ ልማድ ብቻ ይዛችሁ እንድትወጡ እፈልጋለሁ። በየሞልዱ ጀርባ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ ከምን እንደተሠራ፣ ዱቄቱና ደረቁ ሞልድ ስንት እንደመዘኑ፣ የ10 ግራሙ ሙከራ መቼ ተደርጎ ምን ውጤት እንደሰጠ። ይህ ጽሑፍ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ ውርስ ነው፤ ያለ እርሱ እያንዳንዱ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ የቁስ ተስማሚነት በኮርሶቻችን ውስጥ በሰንጠረዥ ታልፎ የሚኬድ ርእስ ሆኖ ቆይቷል። የምጠይቃችሁ ከኬሚስትሪው ጋር እንድናስተምረውና የሕክምና፣ የሥነ ጥበብና የምህንድስና ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲሠሩት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ማንነቱን የማናውቀው አንድ ሰው አለ፤ ጆሮውን ወይም ጣቱን የሚጠብቅ ሰው። እርሱ ስለ ፕላቲነምና ስለ ጀሶ ማወቅ አይጠበቅበትም። እኛ ግን ስለ እርሱ ብለን ማወቅ ይጠበቅብናል።